የማይታተም ሰነድ ውዳሴ

ደህና መሥሪያ ቤት ፎርሙን በወረቀት አይሰጥም፤ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም በፒዲኤፍ ይልካል። የተሻለው መሥሪያ ቤት ፒዲኤፉን በይለፍ ቃል ይቆልፈዋል። ከሁሉም የላቀው ደግሞ ሰነዱ እንዲከፈትና እንዲነበብ ይፈቅድና እንዳይታተም ብቻ ከልክሎ፣ በመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ይህ ቅጽ በ3 ኮፒ ታትሞ፣ ተፈርሞበትና ማኅተም ተደርጎበት በአካል ይቅረብ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ጽሑፍ ለዚህ ለሦስተኛው ዓይነት መሥሪያ ቤት የቀረበ ምስጋና ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ አንዱን ብጠቅስ ሌሎቹ ቅር ይላቸዋል።

ማተምን የሚከለክለው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ሕዝቡ አያውቅም። በተቆለፈ ፒዲኤፍ ሆድ ውስጥ «ፒ» የሚል የላቲን ፊደል ተጽፎ አጠገቡ አንድ ቁጥር ይቀመጣል። ቁጥሩ 32 ቢት አለው። ከቀኝ ሲቆጠር ሦስተኛዋ ቢት 1 ከሆነች ማተም ይቻላል፤ 0 ከሆነች አይቻልም። አራተኛዋ ማሻሻልን፣ አምስተኛዋ መቅዳትን፣ ስድስተኛዋ በኅዳግ ላይ አስተያየት መጻፍን ትቆጣጠራለች። ቁጥሩ ሲነበብ በፒዲኤፍ መስፈርት መሠረት ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው። ሁሉን የሚከለክል ሰነድ −3904 ይላል። ሁሉን የሚፈቅድ፣ ከአንባቢው ምንም የማይሰስት ሰነድ ደግሞ −4 ይላል። ከዜሮ በላይ የሚወጣ ፈቃድ የለም። ጉዳይ ለማስፈጸም የተመላለሰ ሰው ይህን ስሌት ሳይማር ያውቀዋል።

ወደ ታሪኩ ስንሄድ ጥበቡ ይበልጥ ይደምቃል። ጆን ዋርኖክ ከቻርልስ ጌሽኪ ጋር አዶቢ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ኩባንያው ስም ያወጣው ፖስትስክሪፕት በተባለ ቋንቋ ነበር፤ ሥራውም ለማተሚያ ማሽን ቀለሙን የት የት እንደሚያሳርፍ መንገር ነው። በ1991 ዋርኖክ «ካሜሎት» ብሎ ስለሰየመው ፕሮጀክት አጭር ጽሑፍ ጻፈ። ምኞቱ ቀላል ነበር፤ በየትኛውም ኮምፒውተር የተዘጋጀ ሰነድ በየትኛውም ስክሪን ይታይ፣ በየትኛውም ማተሚያም ይታተም የሚል። በ1993 ፒዲኤፍ ወጣ። ቀጣዩ ስሪት ሲመጣ የይለፍ ቃልና ምስጠራ ይዞ መጣ። በየትኛውም ማተሚያ ይታተም ተብሎ የተሠራው ነገር፣ በየትኛውም ማተሚያ አይታተምም የሚባልበትን መንገድ ያገኘው እንግዲህ በመጀመሪያው እድሳት ነው። ይህን እንደ ቅራኔ የሚያዩ አሉ። እኔ ግን ብስለት ነው እላለሁ። መከልከያው ያልተገኘለት ነገር ገና አልተፈቀደም፤ ዝም ብሎ ነው ያለው።

የይለፍ ቃሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሰነዱን ለመክፈት የሚጠየቀው ነው። ይህ እውነተኛ ቁልፍ ስለሆነ፣ ቃሉን ያላወቀ ሰው አንዲት ፊደል አያይም። ተራ ነገር ነውና አላወድሰውም። አድናቆቴ ለሁለተኛው፣ የባለቤት የይለፍ ቃል ለሚባለው ነው። በእሱ ብቻ የተቆለፈ ሰነድ ለማንም ይከፈታል። ይዘቱ በእርግጥ ተመስጥሯል። ነገር ግን ምስጢሩ የሚፈታው ከባዶ የይለፍ ቃልና ከራሱ ከፋይሉ ውስጥ ከሚገኙ ቁጥሮች ተሰልቶ በመሆኑ፣ ማንኛውም ማንበቢያ ፕሮግራም ማንንም ሳያስቸግር አስልቶ ይከፍተዋል። ከዚያ ሦስተኛዋን ቢት ያያል። 0 ሆና ካገኛት የማተሚያውን ምልክት ያደበዝዘዋል። ነገሩ ይኸው ነው። አከራይ የግቢውን፣ የሳሎኑንና የማድቤቱን ቁልፍ አስረክቦ ሲያበቃ፣ ግድግዳው ላይ «ወጥ መሥራት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት እንደሚለጥፈው ማለት ነው። ወጡን የሚከለክለው ወረቀቱ እንጂ ቁልፉ አይደለም።

ይህ የእኔ ሐሜት እንዳይመስላችሁ። ፒዲኤፍ በ2008 አይኤስኦ 32000 ተብሎ ዓለም አቀፍ መስፈርት ሲሆን፣ መስፈርቱ ራሱ ነገሩን ሳይሸፋፍን ጽፎታል። ሰነዱ አንዴ ከተከፈተ ፕሮግራሙ ሙሉ ይዘቱን በእጁ አስገብቷል፤ በምስጠራው ውስጥ ክልከላዎቹን በግድ የሚያስከብር ነገር የለም፤ ስለዚህ ፕሮግራሞች የአዘጋጁን ፍላጎት ያክብሩ ይላል። በሌላ አነጋገር ይህ በይሉኝታ ብቻ የቆመ የጥበቃ ሥርዓት ነው። ይሉኝታ ከእኛ ሰፈር እየጠፋ ነው ብለው የሚያዝኑ ሽማግሌዎች ይጽናኑ። የአዶቢ አገር ካሊፎርኒያ ሄዶ ሥራ ይዟል።

እርግጥ ነው፣ ይሉኝታ ያልፈጠረባቸው ፕሮግራሞች አሉ። ኦኩላር የተባለው ነፃ ማንበቢያ በቅንብሮቹ መካከል አንዲት ትንሽ ሳጥን አስቀምጧል፤ ክልከላዎች ይከበሩ ወይስ አይከበሩ ብላ ትጠይቃለች። ተጠቃሚው ምልክቷን ካነሣ ሦስተኛዋ ቢት ብትኖርም ባትኖርም ያው ነው። ኪውፒዲኤፍ የተባለው ደግሞ በአንድ መስመር ትእዛዝ ያልተቆለፈ ቅጂ ያወጣል፤ የሚከፈተውን ሰነድ ሲያላቅቅ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ምክንያቱም የሚያስፈልገው የለም። እነዚህን ፕሮግራሞች የሚያደንቁ ሰዎች ይገርሙኛል። ያልተዘጋ በር ገፍቶ መግባት ምን ጀግንነት አለው?

የሚደነቀውስ የቆላፊዎቹ ትጋት ነው። መጀመሪያ የምስጠራው ቁልፍ 40 ቢት ነበር። ይህ አጭር ነው፣ ኮምፒውተር ደጋግሞ እየሞከረ ሊያገኘው ይችላል ተባለ። በ2001 ወደ 128 ቢት አደገ። በ2008 አዶቢ 256 ቢት አደረሰው፤ ይኸው ርዝመት በ2017ቱ የአይኤስኦ እትም ተሻሽሎ ጸደቀ። ሰነዱን በእውነተኛው የመክፈቻ ቃል ለሚቆልፍ ሰው ይህ ሁሉ ትልቅ ጥቅም አለው። ለማተም ክልከላ ግን የግቢው ቁልፍ ረዘመ፣ ከበደ፣ ከዚያም ለተከራዩ እንደ ወትሮው በክብር ተሰጠው። የተባለው ወረቀት አሁንም ማድቤት ግድግዳ ላይ አለ።

ስለ አሥራ ሁለተኛዋ ቢት አንድ ቃል ሳልናገር ማለፍ ነውር ነው። እሷ የጥራት ቢት ናት። ማተሙ ተፈቅዶ እሷ ከተከለከለች፣ የአዶቢው አክሮባት ሰነዱን በ150 ዲፒአይ አደብዝዞ ያትመዋል። ይህ ፈቃድና ክልከላ ተደራድረው የደረሱበት ስምምነት ነው። ያትሙት፣ ግን ደስ አይበልዎ ማለት ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቴክኒኩ ነው፤ የክልከላው እውነተኛ ፍሬ የሚታየው ግን ኮፒ ቤት ነው። አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በየዩኒቨርሲቲው በርና በየክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ትይዩ፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማሽን ይዘው የሚውሉ ልጆች አሉ። በእድሜ ጠና ያሉ አንዲት ሴትዮ ፎርሙን በስልካቸው ይዘው ይመጣሉ። ልጁ በቴሌግራም ይቀበላቸዋል፣ ይከፍታል፣ ያያል።

«ማዘር፣ ይሄ ፕሪንት አይሆንም። ተቆልፏል።»

«ማን ቆለፈው?»

«የላኩልዎት ናቸዋ።»

«አትማችሁ አምጡ ይላል እኮ ልጄ!»

«እሱማ ይላል።»

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን አገር ያውቀዋል። ልጁ እያንዳንዱን ገጽ ስክሪን ሾት ያደርጋል፣ ወርድ ላይ ይለጥፋል፣ ጎተት ጎተት አድርጎ ያስተካክላል፣ ያትማል። ሒሳቡ ትንሽ ጨመር ይላል፤ ለድካሙ ነው። ገጹ በመጠኑ ያጋደለ፣ ፊደሉ ጭጋግ የለበሰ፣ አንዳንዴም ከታች የኮምፒውተሩ ሰዓት አብሮ የታተመበት ይሆናል። ሴትዮዋ ይፈርሙበታል፣ ይወስዱታል። መሥሪያ ቤቱም ሳያቅማማ ይቀበላቸዋል። ማኅተሙ እንግዲህ ያረፈው እንዳይኖር በተከለከለው ቅጂ ላይ ነው። ፎርሙ ሳይቆለፍ ቢላክ ኖሮ ይህ ልጅ ማሽኑን የተጫነበትን ሒሳብ ብቻ ነበር የሚቀበለው። ሦስተኛዋ ቢት ሥራ ፈጠራ ላይ ያላትን ድርሻ የሚያነሣ ስብሰባ አለመጠራቱ ያሳዝናል።

ደፋር ባለጉዳይ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ሊጠይቅ ይሄዳል። መልሱ ወጥ ነው።

«እኛ ጋ የለም።»

«ማን ጋ ነው?»

«ያዘጋጀው ልጅ ጋ።»

«እሱን ላናግረው?»

«ለቋል።»

ልጁ ሲለቅ በርክክብ ቅጹ ላይ ኮምፒውተር አንድ፣ ተሽከርካሪ ወንበር አንድ፣ መሳቢያ ከነቁልፉ አንድ ተብሎ ተጽፏል። የይለፍ ቃሉ በንብረት መዝገብ ላይ ስላልነበረ አልተረከቡትም። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ፎርም እንደማንኛውም ዜጋ ያየዋል እንጂ አያትመውም። ሕገ መንግሥት የሚጽፉ ሰዎች ገዢና ተገዢን በአንድ ሕግ ፊት እኩል ለማቆም ዘመናቸውን ይፈጃሉ፤ አንድ የአይቲ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሠርቶት ሄደ። ለምን ቆለፈው ብላችሁ ብትጠይቁ «ለደኅንነት ሲባል» ይሏችኋል። ደኅንነቱ ከማን እንደሆነ መጠየቅ ግን ነገር መፈለግ ነው። ፎርሙ ባዶ ነው። ሊሰረቅ የሚችለው ሀብቱ «የአባት ስም» የሚል ጽሑፍና ከፊቱ የተሰለፉት ነጠብጣቦች ናቸው።

መቅዳትን የምትከለክለው አምስተኛዋ ቢት በአማርኛ ሰነዶች ላይ ስታርፍ ደግሞ ልዩ ውበት አላት። ብዙዎቹ የቆዩ የአማርኛ ፒዲኤፎች የተለቀሙት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ፊደላት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት ፊደላት መልካቸው ግዕዝ ሆኖ ውስጣቸው ላቲን ነው። ከእንዲህ ያለ ሰነድ አንድ አንቀጽ ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ብትለጥፉ የሚወጣው የላቲን ፊደል፣ የሥርዓተ ነጥብና የገንዘብ ምልክት ድብልቅ ነው። ይህን መቅዳት ክልክል ነው ማለት ታዲያ ምን ማለት ነው? ማንም ሊወስደው በማይችለው ነገር ላይ ዘበኛ ማቆም ማለት ነው። ዘበኛውም እስካሁን አንድም ሌባ አላመለጠውም።

መጻሕፍትን የነካን እንደሆነ የክልከላው ፍትሕ ይበልጥ ይገለጣል። ደራሲው ሥራውን በፒዲኤፍ ሸጠ እንበል፤ ገዢው ከፍሎ ወሰደ። ዓይናቸው ደክሞ በስክሪን ማንበብ ለማይሆንላቸው አባቱ ሊያትምላቸው ቢሞክር ሦስተኛዋ ቢት ቆማ ትጠብቀዋለች። በጎን ግን መጽሐፉን በወረቀት የገዛ ሌላ ሰው ገጽ በገጽ በስልኩ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለቆታል። ያኛው ፒዲኤፍ የያዡ አውራ ጣት ይታይበታል፣ በየገጹ ግርጌ የካምስካነር ምልክት አለበት፤ ክልከላ ግን የለበትም። እንደልብ ይታተማል። ሕጋዊው ገዢ እያየ አያትምም፤ ያልከፈለው ያትማል። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ጉድለቱ ላሟ ነፃ መሆኗ ነበር። አሁን ተከፍሎባታል።

የሕግ ጽሑፍንም የሚቆልፉ ትጉሃን አሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይፋ የሆኑ የሕግና የአስተዳደር ጽሑፎችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል፤ አዋጅ የማንም የግል ንብረት አይደለም። እንዲህም ሆኖ አዋጆችን ሰብስቦ በአንድ ፋይል ያደረገ ሰው ማተም ከልክሎ ሲያሰራጭ አይቻለሁ። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም ይባላል። ማተም ስለመቻል የተባለ ነገር የለም።

የክልከላው ጠላቶች ሁልጊዜ የሚያነሡት ስለ ዓይነ ስውራን ነው። በባለ 40 ቢቱ ዘመን መቅዳትን የከለከለ ሰው፣ ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብላቸውን ፕሮግራምም አብሮ ይከለክል ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ቢት ላይ ነበሩና። በኋላ አሥረኛዋ ቢት ለዚሁ ተለይታ ተሰጠች፤ አዘጋጁ ደስ ካለው ለዓይነ ስውራን ይፈቅዳል፣ ካላለው ይተዋል። የ2017ቱ እትም ደግሞ ይህቺ ቢት ሁልጊዜ 1 ትሁን፣ ከእንግዲህ ማንም አይከልክልባት ብሎ ወሰነ። ከሃያ ዓመት በላይ ወስዷል። ለችኩል ሰው ረጅም ይመስላል፤ መልካም ነገርን ለመንፈግ የተሠራ አሠራር በአንድ ጀንበር አይፈርስም።

ግን የድሮው ጊዜ ይናፍቃል። በ2000 አካባቢ አዶቢ ለኢ-መጽሐፍ ማንበቢያው ናሙና እንዲሆን የሉዊስ ካሮልን የአሊስን ተረት አቅርቦ ነበር። መጽሐፉ የታተመው በ1865 ነው፤ የቅጂ መብቱ ካለፈ ቆይቷል፣ የማንም ነው። የፈቃድ ገጹ ግን መቅዳት አይቻልም፣ ማተም አይቻልም፣ ማዋስ አይቻልም፣ መስጠት አይቻልም ካለ በኋላ ይህ መጽሐፍ ጮክ ተብሎ ሊነበብ አይችልም ብሎ ጨረሰ። ሕዝቡ ሲስቅ ኩባንያው፣ ይህ የሚመለከተው የፕሮግራሙን የማንበቢያ ድምፅ ነው እንጂ እናት ለልጇ እንዳታነብ አይደለም አለ። ማስተባበሉ ባልተገባ ነበር። የልጆች ተረት ለልጅ እንዳይነበብ ያዘዘ ዓረፍተ ነገር እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

ይሉኝታ ባልበቃበት ጊዜ ደግሞ ኤፍቢአይ አለ። ዲሚትሪ ስክላይሮቭ የሞስኮ ወጣት ፕሮግራመር ነበር። ኤልኮምሶፍት ለተባለ ኩባንያ የአዶቢን ኢ-መጽሐፍ ክልከላዎች የሚያላቅቅ ፕሮግራም ሠርቶ፣ ስለ ቁልፉ ድክመት ላስ ቬጋስ በተካሄደው ዴፍ ኮን ጉባኤ ላይ ተናገረ። በሐምሌ 2001 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል እዚያው ተያዘ። ከሳሹ ሕግ በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ነው፤ ቁልፉ ደካማም ይሁን ጠንካራ፣ መስበሪያ መሸጥ ወንጀል ነው ይላል። ተቃውሞ ሲበረታ አዶቢ ራሱ ይፈታ አለ። መንግሥት ግን አንዴ ይዟልና ያዘ። በዋስ ወጥቶ፣ በኋላ በእሱ ላይ የቀረበው ክስ ተነሥቶለት፣ ኩባንያው ለብቻው ችሎት ቀረበና በታኅሣሥ 2002 ሳን ሆዜ ላይ የተቀመጠው የዳኞች ሸንጎ ነፃ ነህ አለው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል የሁለት አገር ሰው ሲሟገት የከረመው እንግዲህ አንድ ሰው ከፍሎ የገዛውን መጽሐፍ እንዴት ሊያነበው ይችላል በሚል ነው። ከአሊስ ተረት ጋር አብሮ ቢጠረዝ አያስነውርም።

የእኔ ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራ ፈት ቢቶች አሉ። አንደኛዋና ሁለተኛዋ ለወደፊት ተብለው ሁልጊዜ 0 እንዲሆኑ ታዘዋል። ሰባተኛዋና ስምንተኛዋ ሁልጊዜ 1 ናቸው። ከአሥራ ሦስተኛዋ እስከ ሠላሳ ሁለተኛዋ ያሉት ሃያዎቹ 1 ሆነው ዝም ብለው ቆመዋል፤ አንዳቸውም ምደባ አልተሰጣቸውም። ሰነድን በስልክ ካሜራ ማንሣት እስካሁን ቢት የለውም። ያነበቡትን ለጎረቤት መንገርም የለውም። ፎርሙን አይቶ በነጭ ወረቀት ላይ በእጅ መገልበጥ፣ ማለትም አያቶቻችን ብራና ላይ ሲሠሩት የኖሩት ድርጊት፣ ያለ አንዳች ቁጥጥር ይፈጸማል። የሚያሳስባቸው ባለሥልጣናት ለአይኤስኦ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ደብዳቤውን በፒዲኤፍ ይላኩት፣ ማተምም ይከልክሉበት።

የመስፈርቱ የቅርብ እትም በ2020 ወጥቶ፣ ከ2023 ጀምሮ ማንም ያለ ክፍያ እንዲያገኘው ተደርጓል። ክልከላውን በግድ የሚያስከብር ነገር የለም የሚለው ኑዛዜ እዚያው ምስጠራን በሚመለከተው ክፍል ውስጥ አለ። ፎርም የምታዘጋጁ ሁሉ አንብቡት። አንብባችሁም መቆለፋችሁን ከቀጠላችሁ ምስጋናዬ እጥፍ ይሆናል፤ ኮፒ ቤቱ ልጅም ያመሰግናችኋል።